«ኢአር ፖዘቲቭ» ሲባል መደንገጥ አለብን?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ኢንቦክስ ላይ መልኩን እየቀያየረ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ የእናቴ የጡት ናሙና ውጤት ደረሰ። ካንሰር መሆኑን አስቀድሞ ነግረውናል። አሁን ግን ወረቀቱ ላይ ‹ኢአር ፖዘቲቭ፣ ፒአር ፖዘቲቭ› የሚል ተጽፏል። ሌላም በሽታ ተገኘባት እንዴ? ምን ብለን እንንገራት?»

ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። በእኛ አገር «ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ለረጅም ዓመታት አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። «ፖዘቲቭ ናት» ከተባለ ኤችአይቪ ማለት ነው፣ አለቀ። ካንሰሩ ሳያንስ ሁለት ጊዜ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት የያዘ ቤተሰብ ቢደነግጥ፣ ወረቀቱንም አጣጥፎ ቢደብቅ አይገርመኝም።

መልሱን አስቀድሜ ልስጣችሁ። ኢአር ፖዘቲቭ ሌላ በሽታ አይደለም። አይተላለፍም። ከኤችአይቪ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። እንዲያውም በዚያ ከባድ ወረቀት ላይ ካሉት ዜናዎች ደህናው እሱ ነው። ዕጢው የሚያድገው በኢስትሮጅን ሆርሞን እየታገዘ ሊሆን ይችላል፣ ያንን መንገድ የሚዘጋ ኪኒን ደግሞ አለ ማለት ነው። በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ፣ ከካንሰር መድኃኒቶች መካከል ርካሽ ከሚባሉት የሚመደብ ኪኒን።

ግን ላብራቶሪው ይህን እንዴት አወቀ? ይህን ማወቅ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ውጤቱ ትክክል የሚሆነው ወይም የሚሳሳተው በምን ምክንያት እንደሆነ ስታውቁ፣ እናንተ ራሳችሁ ልታደርጉት የምትችሉት ነገር እንዳለ ታያላችሁ።

ፈላጊው አንቲቦዲ

አንቲቦዲ የሚለውን ቃል ከኮቪድ ወዲህ ሁላችንም ለምደነዋል፤ በመጽሐፍ አማርኛ «ፀረ እንግዳ አካል» ይባላል። ሰውነት የማያውቀው ነገር ሲገባበት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ትልቁ ችሎታው መለየት ነው። በሺዎች ከሚቆጠሩ ፕሮቲኖች መሀል አንዱን፣ ያውም የዚያን ፕሮቲን አንዲት ጥግ ለይቶ ይይዛል።

በፈጣኑ የኤችአይቪ ምርመራ የምንፈልገው አንቲቦዲውን ራሱን ነው፤ የእናንተ ሰውነት ቫይረሱን አይቶ አንቲቦዲ ሠርቶ እንደሆነ ለማወቅ። በጡት ናሙና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚህ አንቲቦዲው ፈላጊ ነው። መነሻው የጥንቸል ወይም የአይጥ ሴል ሆኖ፣ ፋብሪካ ተመርቶ፣ በትንሽ ብልቃጥ ታሽጎ የመጣ ፈላጊ። ከፋርማሲ የምትገዟት የእርግዝና መመርመሪያም የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፦ ሁለተኛዋ መስመር የምትወጣው መመርመሪያዋ ላይ ያለው አንቲቦዲ የእርግዝናውን ሆርሞን ሽንት ውስጥ አግኝቶ ስለያዘው ነው። እዚያ ላይ «ፖዘቲቭ» ብንል ማንም በሽታ ተገኘ አይልም አይደል? እዚህም «ፖዘቲቭ» ማለት «የፈለግነውን ፕሮቲን አገኘነው» ማለት ብቻ ነው።

ተፈላጊው ማብሪያ ማጥፊያ

አንድ ቤት አስቡ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኩሽና አለው። ሁሉም ክፍል መብራት የሚያገኘው ከአንድ ቆጣሪ ነው። ግን ሳሎኑ ሲበራ መኝታ ቤቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የሰውነታችን ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። የጡት ሴልም፣ የጉበት ሴልም፣ የአጥንት ሴልም ውስጣቸው ያለው ዲኤንኤ ያው አንድ ነው። የሚለያዩት የትኛው ጂን በርቷል፣ የትኛው ጠፍቷል በሚለው ነው።

ማብሪያ ማጥፊያውን የሚጫኑት ፕሮቲኖች ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ይባላሉ። ስሙ ያስፈራል፤ ሥራው ግን ግልጽ ነው፦ ዲኤንኤው ላይ ሄዶ መቀመጥና «ይህኛው ጂን ይሥራ፣ ያኛው ይቁም» ማለት። ኢአር፣ ማለትም የኢስትሮጅን ተቀባይ፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ኢስትሮጅን በደም ተጉዞ ሴሉ ውስጥ ይገባና ኒውክለሱ ውስጥ ከተቀመጠው ኢአር ጋር ይገናኛል። ኢአሩ ቅርጹን ይቀይራል፣ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጣል፣ መብራቶቹም ይበራሉ። ፒአር የሚባለው የፕሮጄስትሮን ተቀባይም ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው፤ ደግሞም ኢአር ከሚያበራቸው ጂኖች አንዱ የእሱ ነው። ስለዚህ ፒአርም ፖዘቲቭ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የኢአር ማብሪያ በእርግጥ እየሠራ ነው ማለት ነው። ሦስተኛው «ኸር ቱ» የሚባለው ግን ከእነዚህ አይመደብም፤ እሱ ሴሉ ግድግዳ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ነው፣ የራሱ መድኃኒትም አለው፣ ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ኢአር ክፉ ነገር አይደለም። በጉርምስና ጊዜ የሴት ልጅን ጡት የሚያሳድገው የእሱ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች የኢአር ጂናቸው የጠፋ አይጦች ሠርተው ሲያዩ፣ የሴቶቹ አይጦች ጡት ከግልገልነት ደረጃው አላለፈም። በሰው ላይ የታየው ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ1994 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ 28 ዓመት ሆኖት፣ ቁመቱ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ፣ ገና እያደገ ስለነበረ ሰው ይናገራል። የአጥንቱ ዕድሜ ሲለካ የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ነው። ምክንያቱ የኢአር ጂኑ ተበላሽቶ መገኘቱ ነበር። ኢስትሮጅን በደሙ ውስጥ ሞልቷል፤ «አሁን ማደግ ይብቃህ» የሚለውን መልእክት ተቀብሎ ለአጥንቱ የሚያደርስለት ግን አልነበረም። ወንዶች ተከታታዮቼ፣ ኢስትሮጅን የሴት ብቻ ነው የምትሉ ልብ በሉ። በነገራችን ላይ ወንድም የጡት ካንሰር ይይዘዋል፣ ጥቂት ቢሆንም፤ የወንዶቹ ደግሞ አብዛኛው ኢአር ፖዘቲቭ ነው።

እንግዲህ የጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ አዲስ ማብሪያ አይፈጥርም። ለዕድገት የተሰጠንን ያንኑ ይዞ፣ አልጠፋም ብሎ ያድግበታል።

ከተፈጨ ሥጋ ወደ አንዲት ሴል

ኢአር መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ኤልዉድ ጄንሰን ኢስትሮጅንን ራዲዮአክቲቭ አድርጎ ለአይጦች ሰጠና ወዴት እንደሚሄድ ተከተለው። ሆርሞኑ ማህፀን ውስጥ ተከማችቶ ቆየ። ስለዚህ እዚያ የሚይዘው ነገር አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የታማሚዎች ኢአር የሚለካው በዚሁ መንገድ ነበር፦ ብዙ ትኩስ ናሙና ይወሰዳል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ይፈጫል፣ ከራዲዮአክቲቭ ሆርሞን ጋር ይደባለቃል። ይህን በየሆስፒታሉ ማን ይችለዋል? ደግሞ ከተፈጨ በኋላ ኢአሩ የነበረው ካንሰሩ ሴል ውስጥ ይሁን አጠገቡ ባለው ጤነኛ ሴል ውስጥ መለየት አይቻልም።

በ1975 ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስታይን ካምብሪጅ ውስጥ አንድ ዓይነት አንቲቦዲን ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመርቱ ሴሎችን መሥራት ቻሉ፤ ለዚህም በ1984 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ጄፍሪ ግሪን ከጄንሰን ጋር ሆኖ ይህን ዘዴ ተጠቅሞ በ1980 ኢአርን የሚለዩ አንቲቦዲዎችን አወጣ። ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። እስከዚያ ጊዜ መጽሐፎች «ሆርሞን ያላገኘ ኢአር ከኒውክለሱ ውጭ ሆኖ ይጠብቃል» ይሉ ነበር። በ1984 ኪንግና ግሪን ሴሉን ሳይፈጩ፣ እንዳለ፣ በአንቲቦዲ ሲያዩት ኢአሩ ሆርሞን ኖረም አልኖረም ኒውክለሱ ውስጥ ተቀምጧል። ቀደም ሲል ውጭ የተገኘው ሲፈጭ ሾልኮ ወጥቶ ነበር። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው መሣሪያው ሲሻሻል መጽሐፉም እንደሚታረም ስለሚያሳይ ነው።

ዛሬ ተመራማሪዎች አንቲቦዲውን እንደ መረብ ይጠቀሙበታል። የሐይቃችን አጥማጆች መረቡን ሲጎትቱ ዓሣው ከነያዘው ቅጠል እንደሚወጣው በሉት። ኢአሩን ዲኤንኤው ላይ እንደተቀመጠ ፎርማሊን ውስጥ ባለው ኬሚካል ያጣብቁታል፣ ዲኤንኤውን ይቆራርጡታል፣ በአንቲቦዲው ኢአሩን ይስቡታል፤ የተቀመጠበት የዲኤንኤ ቁራጭ አብሮ ይወጣል። ቁራጮቹን በማንበብ ኢአር በሺዎች በሚቆጠሩ ቦታዎች ላይ እንደሚቀመጥ ታወቀ፣ ብቻውን እንደማይሠራም እንዲሁ፤ ፎክስ ኤ ዋን የሚባል ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር አስቀድሞ መንገድ ይከፍትለታል።

እናታችሁ ናሙና ላይ የሚደረገው

ምርመራው ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል፤ ሐኪሞች በአጭሩ «አይኤችሲ» ሲሉ ትሰማላችሁ። ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ይቆያል፣ ከዚያ ሰም ውስጥ ተቀብሮ «ብሎክ» የሚባል ጠንካራ ቁራጭ ይሆናል። ከብሎኩ እጅግ የሳሳ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገጽ ተቆርጦ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ፎርማሊኑ የሸፋፈነው ፕሮቲን እንዲገለጥ በሙቀት ይታከማል። ከዚያ ፈላጊው አንቲቦዲ ይጨመራል፤ ያልያዘው ይታጠባል፣ የያዘው ይቀራል፤ ቡናማ ቀለም የሚያወጣ ኬሚካልም ይከተለዋል። ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ኢአር ያላቸው ኒውክለሶች ቡናማ፣ የሌላቸው ሰማያዊ ሆነው ይታዩታል። ይቆጥራል።

ከመቶ የካንሰር ሴሎች አንዱና ከዚያ በላይ ቡናማ ከሆነ ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል። ከ1 እስከ 10 በመቶ ያለው ግን «ዝቅተኛ ፖዘቲቭ» ተብሎ ለብቻው እንዲገለጽ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ተቀባይነት ያለው የአሜሪካ መመሪያ ይመክራል። ስለዚህ ቁጥሩን ጠይቁ። 90 በመቶ ፖዘቲቭ የሆነ ዕጢና 2 በመቶ ፖዘቲቭ የሆነ ዕጢ ስማቸው አንድ ነው፣ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም።

እኛስ አገር?

የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ የመጀመሪያው ነው። በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ ከሴቶቹ ካንሰር ሲሶ ገደማውን የሚይዘው እሱ ነው።

ለረጅም ጊዜ «የአፍሪካውያን የጡት ካንሰር አብዛኛው ኢአር ኔጌቲቭ ነው» ይባል ነበር። ይህ ቢሆን ለእኛ መጥፎ ዜና ነው፤ ኪኒኑ ለአብዛኞቹ እናቶቻችን አይሠራም ማለት ነውና። መጀመሪያ ጥርጣሬ ያነሳው ከባሕር ማዶ የመጣ መረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚኖሩ አፍሪካ የተወለዱ ሴቶችን ያነጻጸረ ጥናት ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡት፣ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሆኑት፣ ኢአር ኔጌቲቭ የመሆን ድርሻቸው ከምዕራብ አፍሪካ ከመጡትም አሜሪካ ከተወለዱት ጥቁር ሴቶችም ያነሰ ሆኖ አገኘው።

ከዚያ እዚሁ ቤታችን ታየ። በ2014 የታተመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የጥቁር አንበሳ፣ ጥናት ከሰኔ 2005 እስከ ታኅሣሥ 2010 ድረስ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) የታከሙ 1,208 ሴቶችን መዝገብ ተመለከተ። የኢአር ውጤት ካላቸው ሴቶች መካከል ኔጌቲቭ የሆኑት 35 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ፖዘቲቭ ናቸው ማለት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ኔጌቲቩ እየቀነሰ ይሄዳል።

ደስ ይላል። ግን ሌላኛውን ቁጥር እዩልኝ። ከ1,208ቱ ሴቶች የኢአር ውጤት የነበራቸው 352 ብቻ ነበሩ። ከአሥሩ ሦስቱ እንኳ አይሞሉም። ያውም በአገሪቱ ዋነኛ የካንሰር ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል! ከዚያ ወዲህ ነገሮች ተሻሽለዋል፤ ቢሆንም ዛሬም ምርመራው በየከተማው እንደ ደም ምርመራ የሚገኝ አይደለም። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ከሦስት ሁለቱ ዕድል ስላላቸው ኪኒኑን እንዲሁ የሚያስጀምሩበት ጊዜ አለ። ይህ ግምት ከምንም ይሻላል፤ ግን ለሦስተኛዋ ሴት አምስት ዓመት ሙሉ የማይጠቅማትን መዋጥ ነው።

ናሙናውን የያዘው ማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ዋናው ይህ ነውና እዚህ ጋ አትቸኩሉብኝ።

አንቲቦዲ የሚፈልገው ፕሮቲን ከተበላሸ አያገኘውም። ካላገኘው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው «ናሙናው ተበላሽቷል» ሳይሆን «ኔጌቲቭ» ሊሆን ይችላል። አፍሪካ ውስጥ በተሠሩ ጥናቶችም ይህ ታይቷል፤ ለዓመታት መጋዘን ከተቀመጠ አሮጌ ናሙና ይልቅ ለጥናቱ ተብሎ በጥንቃቄ በተሰበሰበ ናሙና ላይ ፖዘቲቩ ከፍ ይላል። ስለዚህ «አብዛኛው ኔጌቲቭ ነው» ይባል ከነበረው የተወሰነው የዕጢው ጠባይ ሳይሆን የብልቃጡ ችግር ነበር።

በብዙ ቦታ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ ናሙናውን ተቀብሎ ወደ ፓቶሎጂ የሚወስደው ማን ነው? ልጅ፣ ወንድም፣ ባል። በስስ ፌስታል ይዞ ባጃጅ ውስጥ የሚቀመጠው እሱ ነው። አንዳንዴም ከሐዋሳ አዲስ አበባ ድረስ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ለእናንተ ነው የምነግራችሁ።

ናሙናው ከሰውነት ከወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት። ስትቀበሉ «ይህ ፎርማሊን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ውኃ ወይም ግሉኮስ መሆን የለበትም፣ አልኮልም አይሆንም። ፈሳሹ ናሙናውን ዋጥ አድርጎ የሚተርፍ፣ የናሙናውን አሥር እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ሙሉ ጡት የወጣ ከሆነ ደግሞ ፎርማሊኑ ወደ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ስለሆነ ሐኪሙ ዕጢውን ሰንጥቆ ማስገባት አለበት፤ ያለዚያ ውጩ ታክሞ ውስጡ ይበሰብሳል። ብልቃጡ ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ናሙናው የወጣበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ፍሪጅ ውስጥ አታስገቡት፣ «ነገ አደርሰዋለሁ» ብላችሁም ቤት አታሳድሩት፤ ለኢአር ምርመራ ፎርማሊን ውስጥ መቆየት ያለበት ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ አታሽትቱት፣ ለዓይንም ለሳንባም ጥሩ አይደለም።

እና ብሎኩ! ውጤቱ ከተጻፈ በኋላም ሰሙ ብሎክ ይቀመጣል። በአግባቡ የተዘጋጀ ከሆነ ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ተቆርጦ አይኤችሲ ሊሠራበት ይችላል። ዛሬ ያላችሁበት ቦታ ምርመራው ባይኖር ሁለተኛ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም፤ ብሎኩን በደብዳቤ ተቀብሎ ምርመራው ወዳለበት መላክ ይቻላል። «ናሙናው ተጥሏል» ከመባሉ በፊት ጠይቁ።

አንቲቦዲውም ይሳሳታል

ምርመራው በተሠራ ቁጥር ከናሙናው ጎን ኢአር እንዳለው በእርግጠኝነት የሚታወቅ ሌላ ቁራጭ አብሮ መቀባት አለበት። ናሙናው ውስጥ ያለው ጤነኛ የጡት ቱቦም ምስክር ነው፤ እሱ ላይ የተወሰኑ ሴሎች ቡናማ መሆን አለባቸው። ምስክሮቹም ሰማያዊ ሆነው ከቀሩ ጥፋቱ የምርመራው ነው።

ይህ ጥንቃቄ የተጋነነ ለሚመስላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢአር ቤታ የሚባል የኢአር ወንድም አለ። እሱን «አየነው» የሚሉ ጥናቶች ለሃያ ዓመት ገደማ ሲጻፉ ኖሩ፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2017 የስዊድን ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ ይውሉ የነበሩ 13 አንቲቦዲዎችን ሰብስበው ፈተኗቸው። በትክክል ኢአር ቤታን ብቻ ለይቶ የያዘው አንዱ ብቻ ነበር፣ እሱም ብዙም የማይታወቀው። በዚያ አንቲቦዲ ሲያዩት ደግሞ ጤነኛ ጡት ውስጥ ኢአር ቤታ የለም። የእናቶቻችን ወረቀት ላይ ያለው ኢአር አልፋ ነው፤ የእሱ አንቲቦዲዎች በሺዎች ታማሚዎች ላይ ከሕክምናው ውጤት ጋር ተመሳክረው ያለፉ ናቸው። ግን «አንቲቦዲ ካለ እውነት ነው» ማለት እንደማይቻል ከዚህ ይታያል።

ኪኒኑ

ታሞክሲፈን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ሲሠራ የወሊድ መከላከያ ይሆናል ተብሎ ነበር። አልሆነም፤ እንዲያውም እንቁላል እንዲወጣ ይገፋፋል! በኋላ ግን ኢአር ላይ ኢስትሮጅን የሚቀመጥባትን ቦታ ቀድሞ እንደሚይዝ ታየና ለጡት ካንሰር ዋለ። ማብሪያው ላይ ጣት አድርጎ እንደ ማስያዝ ነው፤ ኢስትሮጅኑ ቢመጣም መጫን አይችልም።

በጊዜ የተገኘና ኢአር ፖዘቲቭ የሆነ ካንሰር ላይ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ለአምስት ዓመት የተዋጠ ታሞክሲፈን በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ለኢአር ኔጌቲቭ ይህ ጥቅም የለም። ያረጡ ሴቶች ሌላ ዓይነት፣ ለምሳሌ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል፣ ሊታዘዝላቸው ይችላል። ምርጫው የካንሰር ሐኪማችሁ ነው፤ እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ በፌስቡክ መድኃኒት አልቀይርም።

ችግሩ አምስት ዓመቱ ነው። ሕመም የለም፣ ቁስሉ ድኗል፣ ኪኒኑ «ሲሠራ» አይታይም። ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ይመጣል፣ የወር አበባ ይዛባል። ከዚያ «ድኛለሁ» ተብሎ ይቆማል። እባካችሁ በራሳችሁ አታቁሙ። ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ፣ ያለቀ ቀን አይደለም።

ያላረጣችሁ እህቶቼ፣ ይህንን ያዙልኝ፦ የወር አበባ ስለቀረ እርግዝና አይመጣም ማለት አይደለም፣ ታሞክሲፈን ደግሞ ፅንስ ይጎዳል። መርፌው፣ በክንድ የሚቀበረውና እንክብሉ ሆርሞን ስላላቸው ለእናንተ አይሆኑም። ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ወይም ኮንዶም ተነጋገሩበት። ለጭንቀት ወይም ለድብርት ፍሉኦክሰቲን ወይም ፓሮክሰቲን የሚወስድ ካለ ታሞክሲፈኑን ሊያዳክሙት ስለሚችሉ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሌላ የሚስማማ አለ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ትንፋሽ ድንገት ካጠረ፣ ካረጡ በኋላ ደም ከታየ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያን ቀኑን ሂዱ።

ኔጌቲቭ የተባላችሁስ? ሕክምና የለም ማለት አይደለም። ኬሞቴራፒ አለ፤ ኸር ቱ ፖዘቲቭ ከሆነ የራሱ መድኃኒት አለ። ግን ኔጌቲቩ እውነተኛ መሆኑን፣ ናሙናው በአግባቡ መያዙንና ምስክሩ ቁራጭ መቀባቱን መጠየቅ መብታችሁ ነው። ሁሉ ነገር ፖዘቲቭ ይመስል ነበር የሚል ጥርጣሬ ካለ ከብሎኩ ሊደገም ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ወረቀታችን ላይ ጋታ ሦስት፣ ቲቲኤፍ ዋን የሚል አለ» ብላችሁኛል። እነሱም ትራንስክሪፕሽን ፋክተሮች ናቸው። ጋታ ሦስት ጡት ሲፈጠር፣ ቲቲኤፍ ዋን ሳንባና ታይሮይድ ሲፈጠሩ የሚሠሩ ናቸው። ካንሰር ተሰራጭቶ ጉበት ወይም አጥንት ላይ ሲገኝ «ከየት ነው የመጣኸው?» ብሎ ለመጠየቅ ፓቶሎጂስቱ በእነዚህ አንቲቦዲዎች ይቀባዋል። ሴሉ ከተወለደበት አካል ርቆ ቢሄድም የትውልድ ማብሪያውን ብዙ ጊዜ ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እዚያም «ፖዘቲቭ» ማለት አድራሻ ማለት ነው።

ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ቢመለስስ? የድሮውን ወረቀት ብቻ ይዞ መወሰን አይበቃም፤ ፖዘቲቭ የነበረው ኔጌቲቭ፣ አንዳንዴም በተቃራኒው ሊሆን ይችላል። ከተቻለ ከተመለሰው ዕጢ አዲስ ናሙና ተወስዶ ኢአሩ እንደገና ይታያል። አሮጌውንም አዲሱንም ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉ። የውጤት ፎቶ በኢንቦክስ የምትልኩልኝ ደግሞ ስሙንና የካርድ ቁጥሩን ሸፍኑልኝ፤ የእናታችሁ ነው፣ በስልክ ሲዘዋወር ማን እንደሚያየው አይታወቅም።